የመሃሏ ኳስ የማን ናት?

ክለቡ ውስጥ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የተጀመረው ራኬት በመያዝ ሳይሆን ሜዳ በመጥረግ ነበር። የአዲስ አበባው ሜዳችን ቀይ አፈር ነው፤ ጠዋት ውሃ ይረጫል፣ በከባድ ብረት ይዳመጣል፣ መስመሩ በኖራ ይሰመራል። አሠልጣኝ መንገሻ አጠገቤ ቆሞ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«የቆቦ።»

«ቆቦ ማሽላ እንጂ ቴኒስ ያበቅላል እንዴ?»

«ማሽላው ሲደርስ ማማ ላይ ወጥተን ወፍ በወንጭፍ እንጠብቃለን» አልኩት።

ትከሻዬን አየና ጨዋታ መክፈቻዋን ምት፣ ሰርቭ፣ አስመታኝ። ኳሷ አጥሩን አልፋ ጎረቤት ግቢ ገባች። «ክንዱስ አለሽ፤ እግርሽ ግን ሰነፍ ነው። ብቻሽን ተጫውተሽ እንጀራ አትበዪም፤ በጥንድ ነው የማጫውትሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በነጠላ እዚህ ግባ የሚባል ውጤት የለኝም። መረቡ አጠገብ ሲያቆሙኝ ግን ኳስ አታልፈኝም ነበር።

ጥንዴ ዘሃራ ሆነች። ከቆቦ አለፍ ብላ ያለችው የራያዋ ዋጃ ልጅ ናት፣ የሴቶቹ አምበል፤ በዕድሜም በሥራም ትቀድመኛለች። «አገሬ መጣችልኝ!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝና ወዲያው የራኬት አያያዜን እየተሳደበች አስተካከለችልኝ። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዷ ሰርቭ ስትመታ ሌላዋ መረብ ላይ ትቆማለች። መረብ ላይ ያለችው እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ለጓደኛዋ ምልክት ታሳያለች፤ የተጨበጠ ከሆነ «ቦታዬ ላይ እቆያለሁ»፣ የተዘረጋ ከሆነ «አቋርጣለሁ» ማለት ነው።

ወደድኳት። እትዬ ዘሃራ እላታለሁ፤ ከሷ በፊት አልቀመጥም፣ ከሷ በፊት ውሃ አልጠጣም። መዘዙም ከዚያው መጣ።

በጥንድ ጨዋታ ኳስ በሁለቱ መሃል ስትመጣ አንዷ «የኔ!» ብላ መጮህ አለባት። እኔ ደግሞ በታላቄ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ ማን አስተምሮኝ? ዘሃራም ያው የራያ ሰው ናት፤ ለትንሿ ትለቃለች። ናይሮቢ ውድድር ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ እንደ እንቁላል የቀለለች ኳስ መሃላችን መጣች። እኔ ዘሃራን አየኋት። እሷ በእጇ «በይ» አለችኝ። ኳሷ ሁለት ጊዜ ነጥራ ተንከባለለች፤ ተሸነፍን።

መንገሻ ሻንጣ እስክንረከብ እንኳ አልጠበቀም። «ኳስ ነው ወይስ የሠርግ ወጥ? ሲግደረደሩ ጦም አደሩ! ከክረምቱ በኋላ ያው ከሆናችሁ ዘሃራን ከሌላ ልጅ ጋር አጣምራታለሁ» አለ። ጥንድ የሌላት የጥንድ ተጫዋች ክለብ ውስጥ ምን ትሠራለች? ከሥራው በላይ ያስፈራኝ ግን ዘሃራ አጠገብ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት ነበር።

በክረምቱ እረፍት አብረን ወደ አገር ሄድን። ዋጃ ከመድረሷ በፊት እኛ ቤት ቆቦ አደረች። በማግስቱ ከተራራው ጎርፍ ወረደ። እኛ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ በአፈር ከትረን ወደ ማሳ እንጠልፈዋለን፤ የላይኛው ማሳ ሲጠጣ ባለተራው ይሄድና «ልቀቅ!» ይላል። አባቴ የታችኛውን ክትር እየጠገነ ስለነበር «ሂጂ፣ አባባ ሰይድን ተራችን ነው፣ ይልቀቁ በያቸው» ብሎ ላከኝ። ዘሃራም ጫማዋን አውልቃ ተከተለችኝ።

የላይኛው ማሳ ባለቤት አባባ ሰይድ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ።

«እንዴት ከረሙ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አንቺስ?»

«እግዜር ይመስገን። ልጆቹ ደህና? ከብቱስ? እማማ ወገባቸው ተሻላቸው?»

ስለ ግመሏ ስጠይቅ ክትሩ በጎን ተደረመሰ። ያ ሁሉ ውሃ የእሳቸውም የእኛም ሳይሆን ወንዝ ገባ።

«ምን ልትዪ ነበር የመጣሽው?» አሉ አባባ ሰይድ።

«ተራችን ነው፣ ይልቀቁ ልል።»

«ታዲያ ከሩቅ አትጮሂም? አባትሽ በጎርፍ ጊዜ እንደ ውሻ ነው የሚጮህብኝ! ማታ መጥቶ ትከሻዬን ይስማል። ሰላምታው የት ይሄድብሻል?»

ዘሃራ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ይቺን ኳስ ናይሮቢ አይቻታለሁ!» አለች። ስቃ ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ስሚኝ፣ እኔም ሌላ ጥንድ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ካልጮህሽብኝ ግን አለቀልን።»

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ የመረብ ኳሱን መረብ ዝቅ አድርገን አሰርን። ወንድሜ ከወዲያ ማዶ ኳስ ወደ መሃል ይወረውራል። መጀመሪያ «የኔ» የሚለው ድምፄ ከሹክሹክታ አላልፍ አለ። በኋላ ሲወጣ፣ በመንገድ የሚያልፉ አንዲት እናት ቆመው «አንቺ! በታላቅሽ ላይ ነው እንዲህ የምትጮሂው? ያሳደገሽ የለም?» ብለው ገሠጹኝ። ዘሃራ «ይተዋት እማማ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት!» አለች። ሴትዮዋ ሁለታችንንም ታዝበው ሄዱ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገሻ ሊወስንብን ባዘጋጀው ግጥሚያ ላይ የመሃሏ ኳስ መጣች። «የኔ!» ብዬ ዘሃራን በትከሻዬ ገፋሁና መታሁ። መረብ ላይ ለጠፍኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ስዞር ዘሃራ አፌን ያዘችኝ። «ያንቺ ነበረች፣ ሳትሻት። ቀጣይዋንም ጥሪ።» ቀጣይዋንም ጠራሁ፤ አሸነፍን። መንገሻ «እንግዲህ ተሳደቡ፣ ተዋደዱ» ብሎ ተወን።

ብዙ አገር አብረን ዞርን። በመጨረሻ፣ አንድ የውድድር ዘመን ላይ፣ ዘሃራ «ያንቺ!» ማለት አበዛች። ከራሷ በላይ የምትመጣውን፣ ደስ እያላት ትጨፈልቃት የነበረችውን ኳስ ሳይቀር ለኔ ትተዋለች። ልብስ ስንቀይር ቀኝ እጇ አልነሳ ብሏት ሸሚዟን በግራዋ ስትጎትት አየሁ። ሁሉም ያከብራታል፤ ማንም ደፍሮ አይጠይቃትም።

ሜዳ ልንገባ ስንል አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ትከሻሽ አልቋል» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ዛሬ ከመታሽ ነገ ልጅ የምታቅፊበት እጅ አይኖርሽም። እኔ አልገባም።»

ራኬቷን ወረወረች፣ ጮኸችብኝ፣ ባለጌ አለችኝ። ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ አለቀሰች። «ይህን እስክትዪ ስንት ቀን ጠበቅሁ» አለች። የዚያን ቀን ውድድሩን ለቀን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ጥንድ ሆነን አልተጫወትንም።

አሁን ቆቦ ላይ ሴት ልጆች አሠለጥናለሁ። በጥንድ ለሚጀምሩት የምላቸው ይህን ነው፦ መሃል የመጣችውን ኳስ ያየቻት ትጥራት። ጠርቶ መሳት አለ። ዝም ከተባለ ግን የሚሸነፉት ሁለቱም ናቸው።