የቀጭኗ አጣቢ ሁለት በከራዎች

በዚያ የእንግዳ ማረፊያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ያጠበች ታወጣለች። እያንዳንዷ አጣቢ አንሶላዋን በቅርጫት ሞልታ፣ ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ፣ ጣራው ላይ ራሷ ታሰጣለች። ቅርጫቷን ሌላ ሰው ካወጣላት ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «እንግዳዋ» ይባላል። እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም።

ቀጭኗ አጣቢ ይህን ሕግ ሃያ ሦስት ዓመት አክብራለች። ክንዷ ከልብስ መስቀያ ሽቦ አይወፍርም፤ አንሶላ ስትጨምቅ ግን አንዲት ጠብታ አታስቀርም። በዚህ ዓመት ቀኝ ጉልበቷ ከዳት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቅርጫቱን ታስቀምጥና የግድግዳውን ቀለም የምትመረምር መስላ ትቆማለች።

አለቃው ይህን አየ። በዕድሜ የመጨረሻ ልጇን ቢያህል ነው።

«እማማ፣ ሰኞ ቅርጫትዎ እስከ ሦስት ሰዓት ጣራ ላይ ካልደረሰ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ይረፉ እንግዲህ፤ ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜዬን እኔ አውቀዋለሁ» አለችና መጭመቋን ቀጠለች።

አለቃው ሲሄድ፣ አጠገቧ የምታጥበው ባለ ትከሻዋ ጓደኛዋ ጠጋ አለች። «ሰው ሳያይ ላውጣልሽ፣ እቴ።»

«ባሌ በሞተ ሰሞን እንኳ ቅርጫቴን ሰው አልነካውም። ዛሬ ለጉልበቴ ብዬ?»

ባሏ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ማታ አልጋ ሥር ገብታ፣ አፈር ያወጣበት የነበረውን የብረት በከራ ከነገመዱ ጎትታ አወጣችው። ቅዳሜ ማልዳ ወደ ጣራው ይዛው ወጣች። ሕንፃው ሲሠራ ሲሚንቶ የተጎተተበት ብረት ከጣራው ጫፍ ወጣ ብሎ ቀርቷል። በከራውን እዚያ ሰቀለች፤ ወርዳ የገመዱን ጫፍ እርጥብ አንሶላ በሞላው ቅርጫት ላይ አሰረች፤ ሌላውን ጫፍ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት።

ቅርጫቱ ንቅንቅ አላለም። ከመሬት የተነሣችው እሷ ናት፤ አንድ ስንዝር ያህል።

ባለ ትከሻዋ ሳቋ አላናግራት አለ። «እኔ ደግሞ አንሶላ መስሎኝ፤ ለካ ልታሰጪ የፈለግሽው ራስሽን ኖሯል።»

ቀጭኗ ከገመዱ ወረደችና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ባሏ በአንድ በከራ ሠርቶ አያውቅም። አንዱን ከላይ ይሰቅላል፤ ሌላው ከአፈሩ ባልዲ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ያኔ ለጉራ የሚያደርገው ይመስላት ነበር። ያ ሁለተኛው በከራ አሁን የቤቷን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ተቀምጧል።

እሑድ ዝገቱን ፍቃ በስፌት መኪና ዘይት አሸችው። በሁለት በከራ ሲሆን ገመዱ በግማሽ ያህል መርዘም አለበት፤ ቀጥላ እንዳትቋጥረው ደግሞ ቋጠሮ በበከራ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ባሏ ለጥልቅ ጉድጓድ ያስቀመጠውን ረጅሙን ገመድ ከቁም ሳጥን ላይ አወረደች።

ሰኞ ማልዳ ጣራ ወጥታ የገመዱን አንድ ጫፍ ከብረቱ ጋር አሰረች። ገመዱ ወርዶ ቅርጫቱ ላይ በታሰረው በከራ ሥር ዞረ፤ ተመልሶ ወጥቶ በላይኛው በከራ ላይ አለፈና እጇ ላይ ወረደ። ሁለት ክንድ ስትስብ ቅርጫቱ አንድ ክንድ ይወጣል። አዝጋሚ ነው፤ ግን ክብደቱን ግማሹን ብረቱ ስለያዘላት እግሯ ከመሬት አልተነሣም። ቅርጫቱ ሁለተኛውን ፎቅ አልፎ ጣራው ጫፍ ሲደርስ ገመዱን ከማጠቢያው ቧንቧ ጋር ጠፍራ አሰረች።

አለቃው ደረሰ። «ምንድን ነው ይኼ? እንግዶች በመስኮት እያዩ? ያውርዱት።»

«ስንት ሰዓት ነው፣ ልጄ?»

ሰዓቱን አየ። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ቢሆንም ሥራ ማለት ተሸክሞ መውጣት ነው።»

«ያጠብኩት እኔ፤ ያወጣሁትም እኔ። በጀርባዬ አውጪ ብሎ የቀጠረኝ የለም።»

«እማማ፣ ያውርዱት አልኩ።»

ቧንቧው ላይ ያለውን ቋጠሮ አጠበቀች። «አላወርድም። ከፈለግክ ሌላ ሰው ቅጠር። ግን ለምን እንዳባረርከኝ ስትጠየቅ፣ አንሶላው ቀድሞ ስለደረሰ ነው በል።»

አለቃው ቅርጫቱን ቀና ብሎ አየ፤ ገመዱን አየ፤ ከዚያ እሷን። «ቢወድቅ በራስዎ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ባለ ትከሻዋ የራሷን ቅርጫት እየጎተተች መጣችና ገመዱ ሥር አስቀመጠችው። «ቶሎ በይና በከራውን አውርጂልኝ፣ እቴ። ትከሻ ስላለኝ ወገቤን የማያመኝ መሰለሽ?»

«ገመዱን ግን አንቺው ነሽ የምትስቢው» አለቻት ቀጭኗ፤ ባዶ እጇን፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ አንሶላዋን ልታሰጣ ቀስ እያለች ወጣች።