አሜን የተባለበት አጀንዳ

ባለፈው ሰሞን ወልድያ ከአንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ፣ የወንድሜ ልጅ የመኪናው ጎማ እስኪለጠፍለት እጠብቅ ነበር። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የፓርላማ ስብሰባ ይተላለፋል። የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ይነሣል፣ ሪፎርም ይነሣል፣ የአንድ ባንክ አሠራር ይጣራ አይጣራ የሚል ሙግትም አለ። ጎማ ለጣፊው እጁን በቡትቶ እየጠረገ፣ «እማማ፣ ደሞዝ ሊጨመር ነው ሲባል ከሠራተኛው ቀድሞ የሚሰማው ጤፍ ነው» አለኝና ሳቅን። ወዲያው አንዱ ተወካይ ተነሥተው «አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም» ሲሉ ሳቄ እዚያው ቀረ። ልቤ የድሮዋ መርሳ ከተማ ገብቶ ነበር።

ያኔ ገና ኮረዳ ነኝ። መርሳ ላይ ለሚሰበሰበው የወረዳ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተቀጥሬ፣ ካደግሁበት ወልድያ ወጥቼ መኖር የጀመርሁት በዚያው ዓመት ነው። መርሳን የማያውቅ ሰው ስለ ሙቀቷ ብቻ ያወራል። እኔ ግን መጀመሪያ የወደድሁት ፍራፍሬዋን ነው። ከወልድያ ሲመጡ ሲሪንቃን አልፎ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፣ ከዚያ መንገዱ ዳር የማንጎና የብርቱካን ክምር ይመጣል። የመጀመሪያ ሳምንት ምሳዬ ብርቱካን ብቻ ነበር፤ ሆዴ እስኪቀየመኝ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ግራና ከምትባል ከተማ ወዲያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። በዚያ ዓመት እሱም ሆነ ጓደኞቹ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ደሞዝ አላዩም። የገጠሩ መምህር ደሞዙን የሚቀበለው ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት የቁጠባና ብድር ቤት በኩል ነበር። የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት «ልከናል» ይላል፣ ብድር ቤቱ «አልገባም» ይላል። በሁለቱ መካከል መምህሩ ከባለሱቅ ፊት እየተሸማቀቀ ይኖራል። ግንቦት ሲገባ ታደሰ መረረው።

«ነገ ምክር ቤታችሁ ይሰበሰባል አይደል? አንድ ነገር ካልወሰኑ መተማ በረሃ፣ ሰሊጥ ሥራ ነኝ» አለኝ።

«የስምንተኛ ክፍል ልጆችህስ? ሚኒስትሪ ደርሶባቸዋል እኮ።»

«እነሱን አታንሺብኝ» አለና ፊቱን አዞረ። ልጆቹን እንደሚወድ አውቃለሁ። እሱ ከሄደ በዚያ ዓመት ሒሳብ የሚያስተምራቸው ሌላ ሰው እንደማይመጣም አውቃለሁ።

በማግስቱ ጉባኤው ተከፈተ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። አጀንዳው የብድር ቤቱን ጉዳይ የሚመረምር አጣሪ ኮሚቴ ይሰየም ወይስ አይሰየም የሚል ነበር። አይሰየም ያሉት አቶ ወንድሙ ናቸው። የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ የተከበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው።

«ሪፎርም ተጀምሯል» አሉ፤ «ሪፎርሙ ሲያልቅ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ዛሬ አጣሪ ብንል ገንዘቡን ያስቀመጠ ሕዝብ ደንግጦ ብድር ቤቱን ያፈርሰዋል። ቤት እየታደሰ ምሰሶ አይነቀልም።»

መቼም ንግግር እንዲህ ነው። እኔ ራሴ፣ ወንድሜ በረሃ ሊገባ የተዘጋጀብኝ፣ ልክ ናቸው ብዬ ላምን ምን ቀረኝ? የአባላቱን ጭንቅላት ሳይ አብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ድምፅ ከተሰጠ አለቀ፣ ታደሰም ሄደ ብዬ ብዕሬን አስቀመጥሁ።

አፈ ጉባኤው ወደ ድምፅ ሊያልፉ ሲሉ ከግራና አካባቢ የተመረጡት ሼህ ይመር ተነሡ። እኒህ ሽማግሌ ደም የተቃባ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ ምክር ቤት ውስጥ ግን ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ሼህ ይመር፣ ይናገሩ፤ ብቻ አጠር ያድርጉልን» አሏቸው አፈ ጉባኤው።

«አጭር ናት» አሉና ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

ወሎ ውስጥ ሽማግሌ መዳፉን ሲዘረጋ የሌላው ሰው እጅ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አፈ ጉባኤውም፣ እኔም ዘረጋን።

«የተሰወረውን አላህ ይግለጠው።»

«አሚን» አለ ግማሹ፣ «አሜን» አለ ግማሹ።

«የሠራ የድካሙን ይብላ።»

«አሜን።»

«ልጆቻችንን ያለ አስተማሪ አያስቀርብን።»

«አሜን።»

«ንጹሑን ከሐሜት ያውጣው፤ ያጠፋውንም አላህ ይመልሰው።»

«አሜን።»

«ይህም ጉባኤ እውነቱን የሚያጣሩ ሰዎች ሳይሰይም አይበተን።»

«አሜን» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። ሼህ ይመር ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው ተቀመጡ።

ምን እንዳልን የገባን ካልን በኋላ ነው። አፈ ጉባኤው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… ወደ ድምፅ አሰጣጥ…»

«የምን ድምፅ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «አሜን ብለናል እኮ።»

«ዱዓ በእጅ ብልጫ ይሻራል እንዴ?» አለ ሌላው። ጥቂት ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። የሁሉም ዓይን ወደ አቶ ወንድሙ ዞሮ ነበር። ሰው ለምን እንዲያ ትንፋሹን እንደያዘ አልገባኝም።

«አቶ ወንድሙ፣ ተቃውሞዎ እንዳለ ነው?» አሉ አፈ ጉባኤው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አቶ ወንድሙ መዳፋቸውን ገና አላጠፉም። ወደ መዳፋቸው አቀረቀሩ።

«ብያለሁ» አሉ። «አሜን ያልሁትን በእጄ አላፈርሰውም። ይጣራ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገባኝና አፈ ጉባኤውን ጠየቅሁ። «በሙሉ ድምፅ በይ» አሉኝ። ድምፅ አልተሰጠም እኮ ብል፣ «ከዚህ የሚበልጥ ድምፅ የት ሰምተሻል?» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ታደሰን መናኸሪያው ዛፍ ሥር ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ደሞዙ ተገኘ?»

«አልተገኘም። ሊጣራ ነው» አልሁና የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ሼህ ይመር ጋ ስደርስ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። አቶ ወንድሙ ጋ ስደርስ ግን ሳቁን ዋጠው።

«እሳቸውም ይጣራ አሉ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«የብድር ቤቱ ኃላፊ ልጃቸው መሆኑን አታውቂም እንዴ?»

አጠገቡ ሻንጣው ላይ ተቀመጥሁ። አዳራሹ ሙሉ የሚያውቀውን ያላወቅሁት እኔ እንግዳዋ ብቻ ነበርሁ። ታደሰ ተነሣ። «እኒያ ሰውዬ ይህን ካደረጉ እኔ ልጆቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ግራና የሚሄደው መኪና ላይ ወጣ።

ልጆቹ ፈተናቸውን ተፈተኑ። አጣሪዎቹም የመምህራኑን ደሞዝ የአቶ ወንድሙ ልጅ ለነጋዴዎች እያበደረ ሲያተርፍበት እንደነበረ ደረሱበት፤ ተይዞ ወልድያ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሪፖርቱ የተነበበ ዕለት አባትዬው ይቀራሉ ብዬ ነበር። መጡ፣ የወትሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ «በደንብ ተጣርቷል» አሉ። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርሁም። ሰውን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼም አክብሬም አላውቅም።

ሼህ ይመርን አንድ ጊዜ፣ ሐራ ገበያ አግኝቻቸው፣ ያን ያደረጉት አስበውበት እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። «ልጄ፣ ስብሰባ መናገር አላውቅ፤ የማውቀው ዱዓ ነው» አሉኝ። የዋህ ናቸው ወይስ ከሁላችንም ብልህ፣ አልለየሁትም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ድምፅ መስጠት ተጀመረ። የደገፉ፣ የተቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉ እየተባለ እጆች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

«አክስቴ፣ አለቀልን፤ እንሂድ» አለኝ የታደሰ ልጅ።

«ቆይ» አልሁት። የትኛው ወገን እንዳሸነፈ ለማወቅ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ እጅ መካከል በገዛ ቤቱ ላይ የወጣ አንድ እጅ ካለ ባለቤቱን ፊት ለፊት ላየው ፈልጌ ነው። ያን ጊዜ መርሳ ላይ የአቶ ወንድሙን ፊት ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። ካሜራው ግን ፊቶቹን ቶሎ ቶሎ ያልፋቸዋል።