የተዘቀዘቀ ነጠላ

ዛሬ ደብረ ታቦር፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ሬዲዮው ስለ ሰላም ስምምነት ሲያወራ ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። እሷ ቀና ብላም አላየችው። የእኔ ልብ ግን ጉና ሥር ወዳለው የአክስቴ ደጅ ሄደ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ነው። የአክስቴ ታላቅ ልጅ ለደርግ ወታደርነት ታፍሶ፣ ታናሹ ደግሞ ወዶ ከታጋዮቹ ጋር ሄዶ ነበር። አንድ ቀን ታናሹ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ ላብና የጠመንጃ ዘይት እየሸተተ መጣ። የመንደሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ልጅ አይደለሁ፣ እኔም አብሬ እልል አልኩ። አክስቴ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤት ወጡ።

«ምነው እማዬ? አሸነፍን እኮ!» አላቸው።

ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ማንን፣ ልጄ?» አሉት።

እልልታው አፋችን ላይ ቀረ። እሱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ታላቁ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«አለቀ አሉ እኮ፣ እናቴ! እልል አይሉም?» አለኝ ሹፌሩ ዞሮ።

የእኔም ልጆች ሁለት ናቸው። አንዱ መለዮ ለብሷል፣ አንዱ ጫካ ገብቷል። መውረጃዬን አልፌዋለሁ። እጄ የነጠላዬን ጥለት ጨብጧል፤ ላዘቅዝቀው ወይስ ልተወው፣ አላውቅም።