ናፊሳ ያልተረጎመችው

ልጄ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ እንዳለች፣ «እማዬ፣ አንድ ተከታታይ ድራማ ልጀምር ነበር፤ ግን ማለቂያ የለውም ይላሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ባጠፋበት ያዋጣኛል?» አለችኝ። አሶሳ ላይ የካቲት ሲገባ ከየአቅጣጫው የሳር ጭስ ይሸታል፤ ሽታው ወደ ባምባሲ ገጠር ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። የተከራየሁት ናፊሳ ከምትባል የበርታ ሴት ግቢ ነው። በመንደሩ ዲሽ ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቷ ይሰበሰባል። ድራማው በዐረብኛ ነበር፤ አንዲት ሴት የጠፋባትን ባሏን ፍለጋ ሽፍታ ካለበት ተራራ ወጥታለች። ናፊሳ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ለእኛ ለመጤዎቹ ትተረጉምልናለች። «እሱ ሰውዬ ውሸታም ነው። ባልሽ ሞተ ይላል። አልሞተም፣ ወላሂ!» እኔ መጀመሪያ ላይ ጊዜ ማባከን መስሎኝ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነበር የማየው። ኋላ ግን ደብተሩን ይዞ መምጣቱንም ተውኩት።

በየካቲት ገበሬው ለእርሻ ሳር ስለሚያቃጥል ጭስ ማንንም አያስደነግጥም። ያን ቀን ግን ነፋሱ አላማረኝም። ሰማዩ ገና በቀትር እንደ ከርከዴ ሻይ ቀልቷል። ጭልፊቶች ዝቅ ብለው ያንዣብባሉ። የናፊሳ ፍየሎች ገመዳቸውን እየጎተቱ ይጮኻሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳት።

«ውሃ ጠምቶት ነው። ድራማ ሲያልቅ እሰጣለሁ።»

ሴትየዋ ተራራው ላይ ተከባ ተኩሱ ይንጣጣ ጀመር። ድንገት መብራት ጠፋ። ሁላችንም «ኤጭ!» ብለን አጉረመረምን። ቴሌቪዥኑ ጨልሟል፤ ተኩሱ ግን አልቆመም።

«ጦርነት ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ከቦታው የተነቃነቀ ሰው አልነበረም።

ናፊሳ ጆሮዋን ቀሰረች። «ጦርነት አይደለም። ቀርከሃ ነው! እሳት!»

ቀርከሃ ሲነድ አንጓው እንደ ጥይት ይፈነዳል። ስንወጣ እሳቱ ከቀርከሃው ጫካ ዘልሎ የግቢውን አጥር ይዟል። «እናት ውስጥ ነው!» ብላ ጮኸች። ዓይነ ስውር አማቷ ጓሮ ካለችው የሳር ጎጆ ውስጥ ነበሩ። ተያይዘን ገባን። አሮጊቷን በምንጣፍ ጠቅልለን እንዳወጣናቸው ጣሪያው ከኋላችን ተናደ። እሳቸው እያሳሉ አንድ ነገር በበርትኛ ደጋግመው ይናገራሉ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

ናፊሳ ዐየችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትተረጉምልኝ ቀረች።

መብራቱ ቶሎ አልተመለሰም። መንደሩ ጎጆዎቹን መልሶ ሲሠራ ጎረቤቶች «ያቺ ሴት ባሏን አገኘችው?» እያሉ ናፊሳን ይወተውቷታል፤ እሷም ቀርከሃ እየሰነጠቀች የድራማውን ቀጣይ ከራሷ ፈጥራ ትነግራቸዋለች። ሥራው በዚያ ቀለለ። አሮጊቷ ግን ሳሉ አልለቃቸው ብሎ ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ። ከቀብር ስንመለስ ናፊሳ በገዛ ፈቃዷ ነገረችኝ። «ያን ቀን፣ ‹ስጣራ ነበር፣ አልሰማችሁኝም› ነው ያለ።»

ልጄ አሁንም መልስ ትጠብቅ ነበር። «ጀምሪው፤ አብሬሽ አያለሁ» አልኳት። «ድምፁን ግን ቀንሺው።»

«ለምን?»

«ውጭ የሚጣራ ሰው ካለ እንድንሰማ።»