በትንፋሽ የተባለ አዎን

ጥሩሐረግ ምስር እየለቀሙ ነው። ሰፌዱ ጭናቸው ላይ ነው፤ ስልኩ ደግሞ የስኳር ጣሳ ተደግፎ ከፊታቸው ቆሟል። የልጅ ልጃቸው ፀጋ በስልኩ ትታያለች። በዋጓ ሰቆጣ ገና ረፋድ ነው፤ እሷ ዘንድ፣ ጃፓን፣ ጀንበር ዘቅዝቃለች።

ፀጋ የውኃ ምህንድስና ልትማር ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ክረምቱን የውኃ ፓምፕ በሚሠራ ድርጅት የተግባር ልምምድ ለማድረግ አመልክታ፣ ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። ጥያቄውም መልሱም በጃፓንኛ ነው። ካለፈች ፓምፕ ሲፈታና ሲገጠም በእጇ ትነካለች፤ ከወደቀች ክረምቱ በወረቀት ብቻ ያልፋል።

ጥሩሐረግ ራሳቸው ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስለዚህ የሰው አገር ፊደል ያጓጓቸዋል። ፀጋ በመጀመሪያው ወር «እነሱም እንደኛ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያሉ ነው የሚቆጥሩ» ብትላቸው፣

«ኪን ከኩ ማን አስቀደመባቸው?» ብለው ነበር። «ሳድሱንስ የት ጣሉት?»

ዛሬ ግን የፀጋ ፊት ልክ አይደለም።

«ለቃለ መጠይቁ የምታለማምደኝ መምህሬ ‹ስጠይቅሽ ዝም ትያለሽ፤ እንዲህ ከሆንሽ ሥራውን አልፈለገችውም ይሉሻል› አለችኝ። እኔ ዝም አላልኩም፣ እምዬ። ሁሉንም መልሻለሁ።»

«ቋንቋው ጠፍቶሽ ይሆን?»

«አልጠፋኝም።»

«እስቲ እኔ ልጠይቅሽ። ምሳ በልተሻል?»

ፀጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«ብርዱስ ለቀቃችሁ?»

አሁንም ሳብ።

የጥሩሐረግ እጅ ቆመ። ሰቆጣ ውስጥ ሰው ሁሉ አዎን የሚለው እንዲህ ነው፤ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ አለቀ። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት ኖረው ልብ ብለው ሰምተውት አያውቁም። ምንም ሳይነግሯት ጥያቄውን ቀጠሉ። ትንፋሿን በሳበች ቁጥር አንድ ፍሬ ምስር ወደ ሰፌዱ ዳር ያወጣሉ።

«አሥራ ሰባት» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«አዎን ያልሽው። አንዱም በአፍሽ አልወጣም። ሴትዮዋ ምን ታድርግ? የሰማችው ትንፋሽ ነው።»

ፀጋ አፏን ያዘች። «‹አሞሻል እንዴ?› ያለችኝ ለዚህ ኖሯል።»

«እነሱ አዎን ሲሉ ምን ይላሉ?»

«ሃይ።»

«ሃይ? እኛ ያስቸገረ ልጅ የምንቆጣበት?»

«እሱው።»

«እንግዲያው ሃይ በዪኝ። ከዛሬ ወዲያ በትንፋሽ ብትመልሺልኝ አልሰማሽም።»

እስከ ሐሙስ ድረስ በየረፋዱ ጠየቋት። የ«ሃይ» ድምፁ ከአጥር ማዶ ሱቅ ላላት ለባልንጀራቸው ለሐሊሜ ደረሰ።

«ጥሩሐረግ፣ የማን ፍየል ገብታብሽ ነው?»

«ፍየል አይደለችም፣ ፀጋ ናት።»

«ታዲያ ልጅቱ እሺ ብትልሽ ምን አለበት?»

«ኧረ እሺ እያለች ነው።»

ሐሙስ ፀጋ ከቃለ መጠይቁ ወጥታ ደወለች።

«ሁሉንም ሃይ እያልኩ መለስኩ። መጨረሻ ላይ ከሦስቱ ጠያቂዎች ሽማግሌው ‹ቦታው ሩቅ ነው፤ ትመጫለሽ ወይ?› ሲለኝ ደስ አለኝና ትንፋሼን ሳብኩ።»

«ወይ ልጄ።»

«ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ‹በአገሬ አዎን የሚባለው እንዲህ ነው› አልኳቸው። ሽማግሌው ሊሞክረው ሳብ ቢያደርግ ትን አለው።»

መልሱ የመጣው በሳምንቱ ነው። ፀጋ ስትደውል ጥሩሐረግ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«አለፍሽ?»

ፀጋ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«አልሰማሁም» አሉ ጥሩሐረግ።

«ሃይ፣ እምዬ። ሃይ።»

ይህን ለምታነቡ ጥሩሐረግ አንድ ልመና አላቸው። ከዋግ የመጣ ልጅ በክፍላችሁ ወይም በቢሯችሁ ቆሞ ጥያቄያችሁን በትንፋሽ ብቻ ቢመልስ፣ ዝም አለ አትበሉት። አዎን ብሏልና፣ ምስር ባይኖራችሁም ቁጠሩለት።