ዘጠኝ ዓመት የመከሩበት ጣራ

የድሮው ትምህርት ቤት ቁልፍ ያለው አናጢው ዘንድ ነው። ተማሪዎቹ ወደ አዲሱ ሕንጻ ከተዛወሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። «ይህ ባዶ ቤት ምን ይሁን?» የሚለውን እንዲወስን የተቋቋመው ኮሚቴም አብሮ ዘጠኝ ዓመቱን ደፍኗል። አናጢው በዕድሜው ብዙ የማይረባ ነገር አይቷል፤ እንደዚህ ኮሚቴ ያለ ከንቱ ግን አላጋጠመውም። የጠመመ ሳንቃ እንኳ ለማገዶ ይሆናል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው እዚያው ባዶው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ አዳራሽ የለውማ! ሰባት አዋቂዎች አንደኛ ክፍል ገብተው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ የሕጻናት አግዳሚ ላይ ተኮልኩለው፣ «ይህ ቤት ለምን ሊያገለግል ይችላል?» እያሉ ይጠያየቃሉ። አንዱ መጋዘን ይላል፣ አንዱ ክሊኒክ፣ አንዱ ደግሞ የመጣበትን ረስቶ ያንቀላፋል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ መነጽሩን ያወልቅና «መልካም፤ እንመለስበታለን» ይላል። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «እንመለስበታለን» ካለው ቆይቷል። ሚስቱም ሳትቀር እንደዚያ ትጠራዋለች ይባላል።

አናጢው ይህን ሁሉ ስቆ ባለፈው ነበር፤ የሚያንገበግበው የልጁ ነገር ነው። ልጁ አስተማሪ ናት። ለትምህርት ቤት ያልደረሱ አርባ ሕጻናት ሰብስባ የምታስተምረው እሱ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ምሳውን የሚበላው በቦርሳ ክምር መሃል ተሸጉጦ ነው። ከአራት ዓመት በፊት «ከባዶው ቤት ክፍል ስጡኝ» ብላ ለኮሚቴው አመልክታለች። መልሱ የታወቀ ነው።

«አባዬ፣ ከዚህ ክረምት ወዲያ አልችልም» አለችው አንድ ቀን፣ የአንዱን ሕጻን አፍንጫ እየጠረገች። «እዘጋዋለሁ። ሌላ ከተማ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ።»

አናጢው በዚህ ዓለም ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ኮሚቴው ገና በተቋቋመ ሰሞን «ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሕንጻውን ማንም እንዳይነካ» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፏል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቁም ነገር አልሠራም። ያን ጣራ በጎረምሳነቱ የመታው ግን አናጢው ነው፤ ዝናብ ሲያበሰብሰው ዓይኑ እያየ ዝም አይልም። በየክረምቱ መግቢያ ሰው ሳይነሳ ማልዶ መሰላሉን ያስደግፋል፣ የዛገውን ቆርቆሮ ይለውጣል፣ ቀዳዳውን በሬንጅ ይደፍናል፣ ይወርዳል። ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ፣ በሩን ከፍቶላቸው ከኋላ ቆሞ ሳለ፣ ፀሐፊዋ የሕንጻውን ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርት አነበበች። «ሕንጻው ዘጠኝ ዓመት ያለ አንዳች ጥገና ቆይቶ አንድም ቦታ አያፈስም።»

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። «አያችሁ! ታዲያ ምን ያጣድፈናል? ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እንመለስበታለን።»

«ጅቡስ ቀንድም ቢሆን ነክሷል፤ እናንተ ምን ነከሳችሁ?» አለ አናጢው በሆዱ። ወዲያው ግን ክው አለ። ለካ እነዚህን ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተኛቸው እሱ ራሱ ነው! በገዛ መዶሻው፣ በገዛ ሬንጁ።

ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ጣራው ላይ ወጣና ልክ ከሊቀመንበሩ መቀመጫ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ነቀለ። ጠብ ሲልባቸው ደንግጠው ይወስናሉ ብሎ ነበር። ዝናቡ መጣ፤ ውሃው ቀጥ ብሎ መላጣው ላይ ወረደ። ሊቀመንበሩ ሽቅብ አየና ተነሳ። «ሁለተኛ ክፍል እንግባ» አለ። ገቡ። አናጢው በሳምንቱ የሁለተኛ ክፍልን ነቀለ፤ ሦስተኛ ክፍል ገቡ። ሦስተኛውን ነቀለ፤ ወረቀታቸውን በኮታቸው ሸፍነው አራተኛ ክፍል ገቡ። «ይጠገን» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! አራተኛውም ሲያፈስ ግን ክፍል አለቀባቸው፤ ቤቱ ያለው አራት ክፍል ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ተደርድረው ቆሙና፣ ጉድ በሉ፣ ወሰኑ።

«ጣራው የሚያፈስ በመሆኑ ለሕጻናት ማስተማሪያ አይሆንም፤ የመምህርቷ ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል» ብላ ፀሐፊዋ አነበበች። ማህተሙ እዚያው ጉልበቷ ላይ ተመታ።

አናጢው ልጁን በገዛ እጁ ማባረሩ ነው። ቤት ገብቶ የውሳኔውን ቅጂ ሰጣት፣ የቆርቆሮውንም ነገር ሳይደብቅ ነገራት። እሷ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።

«አባዬ፣ በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ "ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ" አይደል የሚለው?»

«አዎ።»

«ተሰጠ እኮ።»

አናጢው ቀና ብሎ አያት። በማግስቱ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ መሰላሉን ተሸክሞ በዋናው መንገድ መሃል ለመሃል ሄደ። ሲነቅላቸው የተቀደዱ ቆርቆሮዎች ስለነበሩ የበረንዳውን ገፎ ክፍሎቹን አለበሰበት። ሦስት ቀን ሙሉ መዶሻው ሰፈሩን ሲያናውጥ ዋለ። በአራተኛው ቀን አርባዎቹ ሕጻናት ገቡ።

ኮሚቴው በስብሰባ ቀኑ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ መጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። «ጣራው ያፈሳል ተብሎ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል እኮ!»

«ያፈሳል? እስቲ ይግቡና አንድ ጠብታ ያሳዩኝ፣ ጌታው።»

ሰባቱም ገብተው አንገታቸውን ሰቀሉ። ሕጻናቱም ትምህርታቸውን ትተው አብረው አንጋጠጡ። አንድም ጠብታ የለም። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህ እንግዲህ... ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል።»

«ተሰብሰቡ እንጂ፣ ማን ከለከላችሁ?» አለ አናጢው፣ ወደ በሩ እየሸኛቸው። «ክፍሉ ተይዟል፤ በረንዳው አለላችሁ። ቆርቆሮውን ስለወሰድኩት ያፈሳል። ውሃ ሲወርድባችሁ ደግሞ እንደምትወስኑ አይቻለሁ።»