ለውዝ የተጠቀለለበት የፈተና ወረቀት

ተጓዦቹ ሦስት ነን። ልጄ ጽጌ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተሮቹን ትጠብቃለች። ሐሊማ የዚያው ኮሌጅ ተመራቂ ናት፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ልትቀጠር የቀራት የመጨረሻው መንፈቅ ውጤቷ ብቻ ነው። ሦስተኛው እኔ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ማንበብ የለመድሁ አባት ነኝ። የምንሄደው ሐሙሲት ወደሚኖረው መምህር ይርጋ ዘንድ ነው። ሌቦች በኢንተርኔት ገብተው የዚያ መንፈቅ ውጤት ከኮሌጁ ኮምፒውተር ስለጠፋ፣ እሱ ያረማቸውን የፈተና ወረቀቶች ልንለምነው ነው።

በማለዳ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ሰማዩ ደመና ነበር። ዘንዘልማ ላይ ባልታጨደ ጤፍ መካከል የቆሙትን አዳዲስ ቤቶች እያየሁ ጽጌን ጠየቅኋት።

«ባክአፕ የምትሉት ቅጂ ለክፉ ቀን አልነበረም ወይ?»

«ነበር አባባ። ሌቦቹ የገቡት ግን በእሱ በኩል ነው። ፕሮግራሙ ቀዳዳ አለበት፣ ቶሎ አድሱት የሚል ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር። ዲኑ ‹ምዝገባ ላይ ነን፣ ለማደስ ብለሽ ሰርቨሩን እንዳታጠፊው› አሉኝ።»

«ምዝገባው ሲያልቅስ?»

«ረሳሁት።»

ሐሊማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጽጌ እንዳስረዳችኝ፣ ባክአፕ የሚይዘው ፕሮግራም ከየኮምፒውተሩ ቅጂ ስለሚወስድ የሁሉም ቁልፍ አለው። እሱን የያዘ ሌባ ሌላ በር አይሰብርም። መጀመሪያ ቅጂውን አጠፉ፤ ቀጥሎ ዋናውን ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ። ሰርቨር ከሚሉት ዋና ኮምፒውተር ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ አልነበረም። ልጄም ብትሆን እናገራለሁ፤ ይህ ስንፍና ነው፤ የዲኑም፣ የእሷም።

ሐሙሲት

መምህር ይርጋን ሻይ ቤት አገኘነው። ጉዳያችንን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወረቀቱን? ውጤቱን ኮምፒውተር ካስገባሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ! እንደ ሁልጊዜው ለለውዝ ሻጮች በኪሎ ሸጥሁት።»

ወደ አውቶቡሶቹ ማቆሚያ ሮጥን። አንዲት ሴት በጥቅል ወረቀት ለውዝ ትሸጣለች፤ በጥቅሉ ላይ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ይታያል።

«እናቴ፣ ከዚህ ወረቀት ሌላ አለዎት?» አለች ሐሊማ።

«እነዚህ ናቸው የቀሩኝ። ሌላውን የጎንደር መንገደኛ ከነለውዙ ወስዶታል። ምነው አንቺ ልጅ፣ እጮኛሽ የጻፈልሽ ደብዳቤ አለበት እንዴ?»

«ዘጠና አምስቴ ነው ያለበት።»

ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች። ጥቅሉን በአሥር በአሥር ብር ገዝተን ለውዙን ጋቢዬ ላይ ዘረገፍነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፈታናቸው። አንዱ የሐሊማ ጓደኛ ወረቀት ነው። የራሷ ግን የለም።

«ለእሷ እንኳ አድርሽላት» ብላ ሐሊማ ወረቀቱን ለጽጌ ሰጠቻት።

መመለሻ

ባሕር ዳር ስንደርስ ጣና አመድ መስሎ ነበር። ጽጌ ዲኑ ቤት ሄዳ «ማስጠንቀቂያው ደርሶኝ ረስቼዋለሁ» ብላ ተናገረች። እኔም በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ኮሌጁ ፈተናው በሚቀጥለው መንፈቅ ማብቂያ እንዲደገም ወሰነ። እስከዚያ የሐሊማን የሥራ ቦታ ሌላ ሰው ያዘው።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ የነገ ጠባቂ ያልነው ነገር ራሱ ዛሬ ጠባቂ እንደሚፈልግ ነው። ፕሮግራሙን ለማደስ ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። አለማደሱ ያስከፈለው ግን ሐሊማን ሥራዋን፣ ልጄን ስሟን፣ የክፍሉን ተማሪ ሁሉ አንድ መንፈቅ ነው።